በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ ባሕር፦ የጉማራ አፍ ዕፅዋትና የወቅቶቻቸው ታሪክ

በአንበሳሜ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



የታሪክ መምህር ስለ ደንገልና ስለ ቀጤማ ሊናገር ተነሣ ሲባል የሚገረም ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታሪክ ሲነሣ በእኛ ዘንድ የሚታሰበው ንጉሥ፣ ጦርነትና ደብር ነው። እኔም ከማስተማር ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍሁት በእነዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ ወረዳ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት ረግረግ የሚበቅለው ነገር ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው፤ የዚያ ታሪክ ጣጣ ደግሞ የሚመለከተው ዕፅዋቱን ብቻ ሳይሆን ከዳሩ የሚኖረውን ሰው ጭምር ነው።

የምናገረው ባጭሩ ይህ ነው። የጣና ዳርቻ ዕፅዋት መለወጥ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ወይ ገበሬው ነው፣ ወይ እምቦጭ። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ከሁለቱ በፊት ግን የተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሐይቁ የሚሞላበትና የሚጎድልበት የጊዜ ሥርዓት ነው። ይህ ለውጥ ዓመተ ምሕረት ያለው፣ ሰነድ ያለው፣ በሰው ውሳኔ የመጣ ለውጥ ነው፤ ስለዚህም የታሪክ ጉዳይ ነው።

ለንጽጽር ያህል ከሩቅ ልጀምር። በውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወንዝ ከጨው ባሕር በሚገናኝበት አፍ፣ በብዙ ቦታ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። በዚያ ዳር የሚበቅለው የባሕር አረም በመደዳ የቆመ ነው፤ ለረጅም ሰዓት ደረቅ መዋልን የሚችለው ከላይ፣ የማይችለው ከታች ይሆናል። በብርዱ ወራት የሚመነምነው በሙቀቱ ወራት ይለመልማል። እነዚህን ዳርቻዎች የሚያጠኑ ሊቃውንት አንዱን መደዳ ዐይተው ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ይናገራሉ።

ጣና የጨው ባሕር አይደለም፤ የጨረቃ ስበትም አያናውጠውም። ሆኖም አባቶቻችን ባሕር ማለታቸው ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ሙላትና ጉድለት አለውና። ልዩነቱ ዑደቱ በቀን ሳይሆን በዓመት መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደፍርሰው ይገባሉ፤ ሐይቁ ግን ወዲያው አይሞላም፤ ከዝናቡ ዘግይቶ በመስከረምና በጥቅምት ከፍታው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ይሸሻል፤ በግንቦትና በሰኔ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ ነው፤ በተለይ በደራ፣ በፎገራና በደምቢያ በኩል ዳሩ እንደ ሰሌን የተዘረጋ ሜዳ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ማለት የባሕሩ ጠርዝ እጅግ ርቆ ይሄዳል፣ ርቆም ይመለሳል ማለት ነው።

የጉማራን አፍ በጥቅምት የሄደበት ሰውና በግንቦት የሄደበት ሰው ስለ አንድ ቦታ የሚያወሩ አይመስሉም። በጥቅምት ደንገሉ እግሩ ከውሃ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ ከፊቱ ቅጠላቸው በውሃው ላይ የተነጠፈ አበቦች ይንሳፈፋሉ፤ ከበስተኋላው ፊላው፣ ከዚያ ቀጤማው፣ ከዚያም በውሃ የተዋጠው የጨፌ ሣር ይከተላል። በሣሩ መካከል የዱር ሩዝ አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ውሃው ሲሸሽ የመጀመሪያው የሚገለጠው ጨፌ ነው፤ ከብት ይወርድበታል። ጭቃው ገና ሳይሰነጠቅ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። የዳሩ ሰው ለዚህ መሬት የሰጠው ስም ባሕር ሸሽ ነው። አንድ ቃል ውስጥ የመሬቱም፣ የወቅቱም፣ የባለቤትነቱም ጥያቄ አለ፤ ባሕር የሸሸው መሬት የማን ነው? በግንቦት ደንገሉ ብቻውን ይቀራል፤ ሥሩ ከርጥብ ጭቃ ላይ፣ ግንዱ ቢጫ። ከብቱ ለጋውን ቡቃያ የሚበላው፣ እሳትም የሚገባበት ያኔ ነው። ሰኔ ሲገባ ውሃው ይመለስና ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ደንገል ዓመታዊ ጉድለትን ይችላል፤ የማይችለው ሥሩ ከልክ በላይ ለረጅም ጊዜ ደርቆ መክረሙን ነው።

ዓሣውም በዚሁ ሥርዓት ይኖራል። በጣና ብቻ የሚገኙ፣ ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን የሆኑ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱም ቢያንስ ሰባቱ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። ቀረሶ ደግሞ የሚራባው በዳሩ ዕፅዋት መካከል ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ስለዚህ ዳሩ ሲራቆት የዓሣ አስጋሪው ገበታም አብሮ ይራቆታል።

ይህን ሁሉ ከጥንት ጽሑፎች ለማግኘት የሚሞክር ታሪክ ጸሐፊ የሚገጥመው ችግር አለ። ጣናን ጽፈው ያስተዋወቁት የውጭ መንገደኞች ከመምጫቸው በፊት የሚጠይቁት ስለ ዝናብ ነበር። በክረምት መንገድ የለም፤ ወንዝ ይሞላል፤ በቅሎ ጭቃ ይውጣታል። በመሆኑም አብዛኛው ምስክርነት የበጋ ምስክርነት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኖኤል ደ አልሜይዳ የሐይቁን ታንኳዎች ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ ለደንገል ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶ፣ የጥንት ግብፃውያን የጻፉበት ተክል በሀገራችን ታንኳ እንደሚሠራበት አትቷል። ደንገልን በስም ያውቁታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲለዋወጥ ግን አልተከታተሉትም። የእኛም ዜና መዋዕሎች በዚህ ረገድ የተሻሉ አይደሉም፤ የጻፉት ንጉሡ በየት ከረመ የሚለውን ነው።

ሆኖም የቦታዎቹ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ከጉማራ አፍ አጠገብ ያለውን ጣና ቂርቆስን ውሰዱ። ገዳሙ ደሴት ይባላል፤ በትውፊታችንም ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ያረፈችበት ነው። ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ሰፊ ረግረግ ግን በክረምት በውሃ ይዋጣል፤ በበጋ ይገለጣል። ጣና ቂርቆስ ሙሉ ደሴት የሚሆነው በወቅት ነው ብል ቅዱሱን ቦታ ማቃለል አይሆንብኝም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በተቀበሩበት ሬማ መድኃኔ ዓለም፣ ለዘመናት መሻገሪያው ያው የደንገል ታንኳ ነበር። መነኩሴውም፣ ነጋዴውም፣ እህሉም፣ እንጨቱም በደንገል ላይ ነው የተሻገረው።

ስለ ታንኳ ስናነሣ የሠሪዎቹን ስም አለመጥራት ነውር ነው። በጣና ዙሪያ ታንኳን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማስገር፣ ደንገል በመቁረጥ ኖረዋል፤ የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ከማዕዱ አርቋቸው ኖሯል፤ የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቷል። ይህ ሕዝብ ርስት አልነበረውም። የነበረው ደንገሉ ነው። አንዲት ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አታገለግልም፤ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ከአገልግሎት በኋላ በፀሐይ ካልደረቀችም ቶሎ ትበሰብሳለች። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ዘወትር ደንገል ያስፈልገዋል። የቆረጠውን ደግሞ ለማድረቅ የፀሐይ ወራት፣ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ የውሃ ወራት ያስፈልጉታል። ሥራው ሙሉ በሙሉ ከሙላትና ከጉድለት ጋር የተሳሰረ ነበር። ደንገል ሲያልቅ ሌላው የዳር ነዋሪ የሚያጣው አጥሩን ወይም ጉልማውን ነው፤ ነገደ ወይጦ የሚያጡት ሙያቸውን ነው። ስለ ጣና ጥፋት በሚደረጉ ስብሰባዎች ይህ ልዩነት ሲነገር የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። ተቆርጦ ወደ ግብፅ ተጓጓዘ፣ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠራ፣ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብም ጉዞው ተጀመረ። ራ መንገድ ላይ ቀረች፤ በማግሥቱ ዓመት ራ ሁለት ባርቤዶስ ደረሰች። ለመጀመሪያይቱ ጀልባ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ፣ ለሁለተኛይቱ ከደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ መጡ። የእኛ ሐይቅ ደንገሉን ሰጠ፤ የእኛ ሐይቅ ባለሙያዎች ግን አልተጠሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ጣና የተጻፈው ሰነድ በብዛቱ ያስደንቃል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት የዓባይና የጣና ውሃ ተጠቅሷል፤ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ሐይቁን ለካ አድርገው ሄዱ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለመንግሥት ተልከው ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ጄ ጂ ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በሐይቁ መውጫ ስለሚሠራ ግድብ ተነጋገሩ፤ ኩባንያው ጥናቱን በ1930 እና 1931 አካሄደ። ጣሊያንም በወረራው ዘመን፣ በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ላከ። እነዚህን ሰነዶች ሳገላብጥ የተሰማኝን በግልጽ ልናገር፤ ከጣሊያኖቹ ጋር የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ፒኪ ሴርሞሊ ከሰበሰባቸው ተክሎች በቀር፣ ጣና በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ማጠራቀሚያ ነው። ስንት ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል፣ ስንት ይለቃል። ዳሩ እንደ ገንፎ ሳህን ጠርዝ ነው የታየው፤ በጠርዙ ላይ የሚበቅልም የሚኖርም ያለ አይመስልም።

ያ ሁሉ ሐሳብ በመጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው በራሳችን እጅ ነው። በዓባይ መውጫ፣ ጨረጨራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት በሮች ያሉት ማገጃ ተሠራ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩ። ዓላማው የታወቀ ነው፤ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በበጋም ውሃ እንዲያገኙ የክረምቱን ማስቀመጥ። መብራት መጥፎ ነው የምል ሰው አይደለሁም፤ ይህን የማነበው ወረቀት ያየሁት በዚያው መብራት ነው። ነገር ግን ከ1996 በፊት ሐይቁ መቼ እንደሚሸሽና ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚወስኑት ዝናቡ፣ ፀሐዩና የመውጫው ዐለት ነበሩ። ከዚያ በኋላ አራተኛ ወሳኝ መጣ፤ እርሱም በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ ከምዕራብ ዳር፣ ከቁንዝላ በኩል፣ 12 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዋሻ ውሃውን ወደ በለስ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው በ2003 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1995 ዓ.ም.። ዝናቡ አነሰ፤ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ግን ቀጠለ። ሐይቁ በመለኪያ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ አለ፤ መርከቦች ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ ተሳናቸው። በዳሩ የሆነው ከመርከቡ የከፋ ነበር። ደንገሉ ሥሩ ደረቀ፣ ሰፊ ቦታም ተመነጠረ፤ ባሕር ሸሽ ከወትሮው ርቆ ሸሸ፤ ገበሬው ተከትሎት ገባ። ይህን ገበሬ መውቀስ ይከብደኛል። መሬት የጠበበበት ሰው ያልተያዘ ጥቁር ጭቃ እግሩ ሥር ሲገለጥለት ምን ያድርግ? ችግሩ የመጣው ውሃው በተመለሰ ጊዜ ነው። የጨፌውና የደንገሉ ቦታ እርሻ ሆኖ ስለ ጠበቀው፣ የቀድሞው መደዳ ወደ ቦታው መመለስ አልቻለም። አንዴ ማሳ የሆነ መሬት ደግሞ በጎርፍ ሲዋጥ ጉዳት ይባላል፤ ጥንት ግን ያው ጎርፍ የወቅቱ ልማድ ነበር።

ስለ ሩዝ ቃል ገብቼ ነበር። ይህ ወረዳ በዚህ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የደራው ጅግና፣ ሁለተኛው የፎገራው ሻጋ ነው። ሐሳቡን ካነሣሡት ነገሮች አንዱ በረግረጉ ውስጥ የዱር ሩዝ ራሱን ችሎ መብቀሉ ነው። ማለትም ምልክቱን የሰጠው ከጨፌው መካከል የነበረው ያ ሣር ነው። ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ የቀበሌያችሁን ስም ይዞ ሀገር ለሀገር ይዞራል። ሩዝ ለዚህ ሜዳ ያመጣው ሀብት ትልቅ ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ልጁ ኮሌጅ ገብቷል። ነገር ግን ሩዝ የቆመው በጨፌው ላይ ነው። የፎገራ ከብት ውሃ በሞላበት ሜዳ ለመኖር የለመደ፣ በወተቱ የታወቀ ዘር ነው፤ ግጦሹ ሲታረስ ወደ ገለባ ዞረ፣ ከብቱም ከደረቁ ወራት መጠጊያው ወጣ። የቀረችው ጥቂት ለጋ ደንገል ያኔ ለእርሱ ምግብ ሆነች። በሸሸርና በወላላ ረግረጎችም የተከተለው ተመሳሳይ ነው፤ ለእርሻ ሲባል ውሃው እየተመጠጠ፣ ወንዙም በክረምት ጎርፉን ወደ እነርሱ የሚያፈስበት መንገድ እየተዘጋ፣ ሁለቱም እጅጉን ጠበዋል።

እምቦጭ የመጣው ዳሩ እንዲህ ከሆነ በኋላ ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ አፍ አካባቢ ነው፤ ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ስለ እምቦጭ የምንናገረው በጦርነት ቋንቋ ነው፤ ወራሪ፣ ዘመቻ፣ ድል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተደረገውን ትልቁን ዘመቻ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ደረታችሁ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ነቅላችኋል። ያን ድካም የማላከብር አይደለሁም። ነገር ግን ተክሉ የሚኖርበትን ወቅት እንይ። ክረምት ወንዞች ከማሳ ጠርገው የሚያመጡት ለም ደለል በወንዝ አፍ ይከማቻል፤ እምቦጭ በዚያ ይመገባል፣ ከመስከረም በኋላ ይስፋፋል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የሚበቅለውም ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ብርሃን ሲያገኝ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የሚያጠልለው ደንገል የተነሣበት፣ በበጋ ከልክ በላይ የሚገለጥ፣ በክረምት ደለል የሚቆለልበት ዳር ለእምቦጭ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከላይ ያለውን መንቀል ያስፈልጋል፤ ከሥር ያለው ወቅት ሳይስተካከል ግን የነቀልነው ቦታ በሚቀጥለው ኅዳር ያንኑ ያበቅላል።

ወደ ማብቂያዬ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ የሐይቁን ከፍታ የሚመዘግብ መለኪያ ከስድሳ ዓመት በላይ አለ። ውሃው በየቀኑ የት እንደ ነበረ እናውቃለን። በዚያው ስድሳ ዓመት ደንገሉ የት ድረስ እንደ ነበረ፣ ጨፌው በስንት ወር እንደ ተገለጠ፣ ቀጤማው በየት በኩል እንደ ቀረ የሚነግር ተመሳሳይ መዝገብ የለንም፤ ያለው በእናንተ በአዛውንቶቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በጉማራ አፍ ከዳሩ ወደ ውስጥ በመደዳ ችካል ትከሉ፤ በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት በየችካሉ ሥር የበቀለውን በአካባቢው ስሙ ጻፉ። የላቲን ስሙን ሌላ ሰው ይጨምርበታል። ሁለተኛው፣ ከእናንተ መካከል ታንኳ የሠራ፣ ወይም አባቱ ሲሠራ ያየ ሰው ካለ፣ ዛሬ ሳይሄድ ከእኔ ጋር ይቀመጥልኝ። ደንገሉን ከየትኛው ዳር፣ በስንተኛው ወር፣ ስንት ጊዜ እንደ ቆረጠ መጻፍ እፈልጋለሁ። መቅጃ ይዣለሁ፤ ጊዜም አለኝ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።